የአስናቀ ዝምታ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያጣም ምንጣፉ ላይ እግሩን ይዘርጋ፤ የሚሰማው ጆሮ ነው፣ መቀመጫ አይደለም። ይህ የማወራችሁ ነገር ገና አልሆነም። ግን "ይሆናል፣ ይሆናል" እያልኩ ብቀጥል የኔም ምላስ ይዝላል፣ እናንተም ታንቀላፉብኛላችሁ። ስለዚህ ሆነ ልበላችሁ፣ እናንተም ሆነ በሉኝ።

በዚያ ዘመን ጸዳል የምትባል መርከብ ነበረች። መርከብ ስላችሁ ሰው ጭና አድርሳ የምትመለስ እንዳይመስላችሁ፤ ጸዳል የትም አትሄድም ነበር። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተኝታ የባሕር ሣር ይታጨድባታል፣ ይደርቅባታል፣ ይፈጭባታል። ዱቄቱ አገር ቤት ይላካል፤ አገር ቤትም ይበላል። ሠራተኛው ከየአገሩ ጥግ ተሰብስቦ፣ ለዓመታት ፈርሞ የገባ ነው። የራሷ ቀበሌ አላት፣ የራሷ ክሊኒክ አላት፣ እድርም አላት። መታወቂያ ሲሰጥ "አድራሻ" በሚለው ቦታ ላይ "ተንሳፋፊ" ተብሎ ይጻፋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው ይስቅበት ነበር፤ ኋላ ለመደውና ተወው።

ከማድረቂያው ሰገነት በታች ቤተ መጻሕፍት ነበር። መጽሐፍ ግን ከጥቂት የእሳት አደጋ መመሪያ በቀር አልነበረበትም። የነበረው ካሴት ነው። አዎ፣ ያ እናንተ ቁም ሳጥን ሥር አቧራ ለብሶ ያያችሁት ካሴት። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ማዕበል ሲመጣ እንዳይረግፍ በገመድ ታጥሮ፣ በረድፍ ተደርድሯል።

ስልክ ጠፍቶ አይደለም፤ ስልክማ ሞልቶ ነበር። በስልክ የሚመጣ ድምፅ የሚያምን ሰው ነው የጠፋው። የሰው ድምፅ የሚያስመስለው ማሽን ከመብዛቱ የተነሣ፣ ልጅ ደውሎ "እማዬ" ሲል እናት መጀመሪያ ትዘጋለች። ሁለተኛ ቢደውል ትሳደባለች። ስለዚህ የጸዳል ልጆች እናቶች ቀበሌያቸው ሄደው፣ ጸሐፊው ፊት ተቀምጠው፣ ካሴት ላይ ይናገራሉ። ጸሐፊው ሳጥኑን አሽጎ ማኅተም ይመታበታል፣ እናትየዋ አውራ ጣቷን ታሳርፍበታለች፣ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እያለ ወደብ ይወርድና በስንቅ ጀልባ ጸዳል ይደርሳል። ማሽን ያወራውን ወደ ካሴት ክር መገልበጥ ይቻል ነበር እንጂ የሚያደርገው ሰው አልነበረም። ነውር ነው፤ ሙት እንደመስረቅ ነው። "ክር አይዋሽም" ይሉ ነበር የጸዳል ሰዎች።

ይህን ሁሉ ካሴት የምትጠብቀው አቻምየለሽ ናት። ድሮ አጫጅ ነበረች፤ ወገቧ ሲከዳት እዚህ አስቀመጧት። ጠዋት ስትገባ የቴፖቹን ራስ በአልኮልና በጥጥ ትጠርጋለች። የባሕሩ እርጥበት የነካውን ካሴት ሩዝ ውስጥ ቀብራ ታደርቃለች። የላላውን ክር በእስክርቢቶ ታጠነጥናለች። ከዚያ መዝገቧ አለ። አመዘጋገቧ ግን እንደ ሌላው አይደለም። ከስም በፊት የምትጽፈው ካሴቱ እንዴት መሰማት እንዳለበት ነው። "ብቻ የሚሰማ።" "ከሥራ በፊት የማይሰማ።" "እንቅልፍ ላጣ።" "ከአገር ሰው ጋር የሚሰማ።" ባለቤቱ ሰምቶ ከጠገበው በኋላ ካሴቱን ለሌላው ያውሳል፤ እናት የሞተችበት ሰው የሰው እናት ተውሶ ይሄዳል። ዘለለው የሚባል ትልቅ ሰውዬ፣ ማጨጃ የሚነዳ፣ በየሳምንቱ እየመጣ፣

"የሚቆጡ እናት አሉሽ?" ይላታል።

"ባለፈው የወሰድካቸው አልበቁህም?"

"እኚያ ለስለስ ይላሉ። እንዲያው አጥንት የሚሰብር ቁጣ ፈልጊልኝ፤ ክፍሌ ቆሽሿል።"

ያን ጊዜ አቻምየለሽ የወይዘሮ ደብሪቱን ካሴት ታወርድለታለች። ወይዘሮ ደብሪቱ የመካነ ሰላም ሰው ናቸው፤ እዚያው መርከቧ ላይ የምትሠራው የትርሲት እናት። ቁጣቸው በመርከቧ ሁሉ የታወቀ ነው።

አሁን ስለ አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እነዚያ እናቶች ካሴት ላይ ሲናገሩ ልጃቸው ፊታቸው እንደተቀመጠ አድርገው ነው። "እንዴት ነሽ?" ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ልጂቱ የምትመልስበትን ያህል ክሩ ባዶውን ይዞራል። ሲበቃ "እሰይ፣ እሰይ" ብለው ይቀጥላሉ። ሰሚውም ይመልሳል፣ ጮክ ብሎ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በመጋረጃ በተከፈሉት ማዳመጫዎች ስታልፉ፣ እዚህ "አዎ፣ በልቻለሁ"፣ እዚያ "ኧረ እኔ አላመመኝም" ሲባል ትሰማላችሁ። እንግዳ ሰው ያበዱ ይመስሉታል። የወይዘሮ ደብሪቱ ዝምታ ደግሞ ከሁሉ ይረዝም ነበር፤ ልጃቸው ስትመልስ ቀስ እንደምትል ያውቃሉና።

የሰው እናት የተዋሰ ግን አይመልስም። ጥያቄው የሱ አይደለም። ዘለለው እንኳ ያን ሁሉ ቁጣ ሲጠጣ አንገቱን ደፍቶ፣ ትንፍሽ ሳይል ነው።

ሌላም ሥርዓት ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የአባቱን መርዶ ብቻውን፣ ማጨጃው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሰማ። ልጁ ዳግመኛ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እድሩ ወሰነ፤ የሚመጣውን ካሴት ሁሉ አስቀድማ አቻምየለሽ ትክፈተው። ደህና ከሆነ እዚያው አቁማ ለባለቤቱ ትሰጣለች። መርዶ ካለበት መርዶው ከተሰማበት ቃል በኋላ አንዲት ቃል አትሰማም፤ ቀሪው የባለቤቱ ነው። ካሴቱን ተቆላፊው መደርደሪያ ላይ ታኖራለች፣ ለእድሩ ዳኛ ትናገራለች፣ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው፣ ሰው ሰብስበው፣ በማለዳ ያረዳሉ። ያን መደርደሪያ "ቆይቶ የሚሰማ" ብላ መዝግባዋለች።

እንግዲህ አንድ ቀን የስንቅ ጀልባው መጣ። ለትርሲት አንድ ካሴት ነበረ። አቻምየለሽ ፈገግ እያለች ቴፑ ውስጥ ከተተችው፤ የወይዘሮ ደብሪቱን ቁጣ እሷም ትወደው ነበር። የተናገረው ግን ወንድ ነው።

"ትርሲት። እኔ ነኝ፣ አስናቀ። ብቻሽን አይደለሽም አይደል?" አለ። ቆየ። "ሰው ካለ አጠገብሽ ይቀመጥ።" ቆየ። "እማዬ አረፈች።"

አቻምየለሽ ቴፑን አጠፋች። እጇ እንደ ልማዱ ሠራ፤ ልቧ ግን ኋላ ቀረ።

ትርሲት እርጉዝ ነበረች፣ ወሯ የገባ። ባሏ ሌላ መርከብ ላይ ተመድቦ ርቋል። ከዚህ በፊት አንድ ጨንግፎባታል፤ መርከቧ ሁሉ አብሯት አልቅሷል። አሁን ደግሞ ክሊኒክ የምትሠራው ሲስተር መብሪት በየጠዋቱ የደም ግፊቷን እየለካች ፊቷን ታኮሳትራለች።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ሦስተኛው ጋሼ ኩራባቸው ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ፣ የማሽን ክፍል ሰው፣ ሲያስቡ ጥርሳቸውን በክብሪት እንጨት የሚጎረጉሩ።

"መርዶ ለነፍሰ ጡር አይነገርም" አሉ። "ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። አያቶቻችን ያወጡት ነው።"

"ማን ይነገር አለ?" አለች አቻምየለሽ። "እስክትወልድ ይቆያል። ስንቱን አቆይተናል።"

"ይቺኛዋ አትቆይልሽም። ጀልባው መምጣቱን አይታለች። አሁን መጥታ 'የእናቴስ?' ብትልሽ ምን ልትያት ነው?"

"አልመጣም እላታለሁ።"

ሲስተር መብሪት ራሷን ነቀነቀች። "እትዬ አቻሜ፣ ያ ነው የሚገድላት። እናቷ አንድም ጀልባ አሳልፈው አያውቁም። 'አልመጣም' ካልሽያት ገብቷታል ማለት ነው። ደግሞ ግፊቷ እንኳን ኀዘን ተጨምሮበት እንዲሁም አላማረኝም።"

ጋሼ ኩራባቸው የክብሪት እንጨቱን ከአፋቸው አወጡ። ወለሉን እያዩ፣

"የወይዘሮዋ የድሮ ካሴቶች አንቺ ዘንድ ናቸው አይደል?" አሉ።

"ናቸው።"

"አፈኛው ደግሞ ጽሕፈት ቤት አለ።"

አፈኛው የሚሉት ያን ድምፅ የሚሠራውን ማሽን ነው። የመርከቧ ጽሕፈት ቤት ለማስታወቂያ ይገለገልበታል፤ "ምሳ ደርሷል" የሚለው እሱ ነው። ሰው ስም አወጣለት እንጂ አልቀረበውም።

አቻምየለሽ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ብድግ አለች። "ጋሼ! ነውር ነው!"

"ነውር መሆኑን አጣሁት?" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "እናንተ ሴቶች ስታዋልዱ እኔ በር ላይ ነበርኩ። ያን ጊዜ የወጣውን ትንሽ ጥቅልል እኔ ነኝ ለባሕር የሰጠሁት። በእነዚህ እጆቼ። ሁለተኛ አልችልም። ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ፤ አንቺ ካሴቶቹን ስጪኝ።"

 ሲስተር መብሪት፣ "አንድ ካሴት ብቻ ነው። ትውለድ፣ ከዚያ እግሯ ላይ ወድቀን እንነግራታለን" አለች።

አቻምየለሽ ትርሲትን ትወዳታለች። ልጅ አልነበራትም፤ ያቺ ልጅ ነበረች በየምሽቱ መጥታ ወገቧን የምታሽላት። ፍቅር ደግሞ ሰውን ብዙ ነገር ያስደርጋል፤ እኛም እናውቃለን። ካሴቶቹን ሽርጧ ውስጥ ጠቅልላ፣ ሰው እንዳያያት በማድረቂያው በኩል ዞራ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ቴክኒሻን ሰጠችው።

በማግስቱ ካሴቱ ተሠርቶ መጣ። ቴክኒሻኑ "ጽድት አድርጌዋለሁ" ብሎ ሰጣቸው። ሦስቱ መጋረጃ ዘግተው ሰሙት።

ወይዘሮ ደብሪቱ ራሳቸው ናቸው። ያ የጉሮሮ መጥረግ፣ ያ "ኧረግ!" የሚለው ቁጣ፣ "ልጄ" ሲሉ ያቺ የምትንቀጠቀጥ ነገር። ሲስተር መብሪት እንባዋ መጣ። ጋሼ ኩራባቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው፣ እንደ ቅዳሴ ነው የሰሙት። ማንም ትንፍሽ አላለም። የሰው እናት ሲናገሩ ዝም ነው።

"ራሳቸው ናቸው" አሉ ሲያበቃ።

ተስማሙ።

ትርሲት ከምሳ በኋላ መጣች። ጣቶቿ በሣሩ አረንጓዴ ሆነዋል። አንድ እጇን ከሆዷ ሥር ደግፋ፣ በጎን በጎኗ እየተራመደች ገባች።

"እትዬ አቻሜ፣ ዛሬስ እስከ ስንተኛው ጥፋቴ ተቆጡ?"

"እንደ ሁልጊዜው ነው።"

"ጫማ አታደርግም ብለው ይሆናል። ባለፈው የባሕር ብርድ ማሕፀን ይገባል አሉኝ። የባሕር ብርድ የት ያውቃሉ? ባሕር እኮ በሥዕል ነው ያዩት።" እየሳቀች ተቀመጠች። "ደግሞ ዛሬ የምነግራቸው አለኝ። ስሙን አውጥቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሲስተር እንኳ። መጀመሪያ እናቴ ትስማ ብዬ።"

አቻምየለሽ አጠገቧ ተቀመጠችና ቴፑን ከፈተችው።

"ትርሲቴ፣ እንዴት ነሽልኝ ልጄ?" አለ ካሴቱ።

ትርሲት ፊቷ በራ። "ደህና ነኝ እማ—"

"እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆድሽስ?"

"ከብዶኛል፣ ግን—"

"አይዞሽ። የኛ ቤት ሴት እርግዝና ይከብዳታል እንጂ አይጥላትም። ጫማ ታደርጊያለሽ?"

"አደር—"

"ኧረግ! ስንቴ ልንገርሽ!"

ትርሲት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ግማሽ ነበር። ወደ አቻምየለሽ ዞረች። "ምነው ዛሬ ቸኮሉ? ጸሐፊው አጣድፏቸው ይሆን?"

አቻምየለሽ ዓይኗን የሚዞረው ክር ላይ ተከለች። ያን ጊዜ ነው የገባት። ባዶው ክር የለም። ቴክኒሻኑ ጽድት ያደረገው እሱን ነበር፤ ለሱ ምንም ያልተቀዳበት ክር ነው። እነሱስ? ያን ዝምታ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ቅድም ሲሰሙ አላስተዋሉም፤ የሚመልስ አልነበረማ። ሦስቱም በጨዋነታቸው አፋቸውን ዘግተው፣ የሌላ ሰው እናት እያከበሩ፣ ማሽኑን አሳለፉት።

"ስሙንስ ምን አልሽው?" አለ ካሴቱ።

ትርሲት ጀርባዋን ቀና አደረገች። አየር ሳበች። ከንፈሯ ስሙን ሊጀምር ተከፈተ።

"ጥሩ ስም ነው፣ ይባረክ" አለ ካሴቱ።

ትርሲት እጇን ሰድዳ ቴፑን አጠፋችው። ከላይ ማድረቂያው ላይ ሴቶች ሣር ሲገለብጡ ይሰማል።

"እትዬ። እናቴ ናት?"

"ድምፁ የሳቸው ነው" አለች አቻምየለሽ።

"ድምፁን አልጠየቅሁዎትም።"

መዋሸት ይቻል ነበር። ጸሐፊው አጣደፋቸው ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉን ልጂቱ ራሷ አዘጋጅታ አቅርባላታለች። አቻምየለሽ ያንን ቃል አንሥታ አፏ ውስጥ አገላበጠችው። ከዚያ ልጂቱ በሚቀጥለው ጀልባ፣ በሚቀጥለውም ጀልባ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳትመልስ ስትቋረጥ ታያት። ቃሉን ዋጠችው። የትርሲትን አረንጓዴ ጣቶች ያዘች።

"እናትሽ አርፈዋል፣ ልጄ" አለች።

ትርሲት አልጮኸችም። ቴፑን እያየች፣ "ማን ነገረዎት?" አለች።

"ወንድምሽ። አስናቀ። ካሴት ልኮልሽ ነበር።"

"የት አለ?"

"ቆልፌበታለሁ።"

"የኔን ካሴት?"

"ያንቺን ካሴት።"

"ይህንንስ ማን ሠራው?"

"አፈኛው። እኛ አሠራነው። ለልጁ ብለን፣ ላንቺ ብለን።"

ትርሲት እጇን ከአቻምየለሽ እጅ አላወጣችም። ይህን አቻምየለሽ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ አልረሳችውም። ልጂቱ ያን ሁሉ ሰምታ እጇን አላስለቀቀችም። "የወንድሜን ስጡኝ" ብቻ አለች።

አቻምየለሽ ወደ ማድረቂያው መውጫ ደረጃ ሄዳ፣ ወደ ላይ ተጣራች። "እናንት ሴቶች! ሣሩን ጣሉትና ኑ! ትርሲት ኀዘን ላይ ናት፣ ኑ!"

ሽርጣቸውን እንዳደረጉ፣ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ወረዱ። ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ መሬት ላይ ዙሪያዋን ተቀመጡ። ዘለለውም ከኋላቸው መጥቶ፣ ትልቅ ሰውነቱን የሚያኖርበት አጥቶ፣ መደርደሪያ ተደግፎ ቆመ። ሲስተር መብሪት ግፊት መለኪያዋን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ አቻምየለሽን በክርኗ ገፍታ አልፋ የትርሲትን ክንድ ጠመጠመች። ጋሼ ኩራባቸው በሩ ላይ ደረሱ።

"ምን አደረግሽ አንቺ ሴት!"

"ያጠፋነውን እኮ ትናንት ነው ያጠፋነው፣ ጋሼ።"

"ብትሞትብንስ?"

ትርሲት ቀና አለች። "አልሞትም፣ ጋሼ ኩራባቸው። ይግቡና ይቀመጡ" አለች፤ እናቷ የሞተችባት እሷ ሆና ለአስተዛዛኙ ቦታ የምትሰጠው እሷ ሆነች። ሰውዬው ያንን ሲሰሙ ቆባቸውን አውልቀው በሩ ሥር ዘፍ አሉ።

አቻምየለሽ ካሴቱን ከተቆለፈበት አወጣችው። ክሩን ወደ መጀመሪያው አጠነጠነችና ቴፑ ውስጥ ከተተችው።

"ትርሲት። እኔ ነኝ፣ አስናቀ። ብቻሽን አይደለሽም አይደል?"

ዝምታው መጣ።

"አይደለሁም" አለች ትርሲት።

"ሰው ካለ አጠገብሽ ይቀመጥ።"

"ተቀምጠዋል። ሞልተዋል።"

"እማዬ አረፈች።"

እዚህ ድረስ ነው አቻምየለሽ የሰማችው። ከዚህ ወዲያ ያለውን ከትርሲት እኩል ነው የምትሰማው።

ከዚህ ወዲያ ግን ቃል አልነበረም። ክሩ ይዞራል፤ ሽሽሽ ይላል። ትርሲት ያን ጊዜ ጮኸች። ሆዷን ይዛ፣ ወደ ፊት ተደፍታ፣ እናቷን ጠራች። ሴቶቹ አብረው ጮኹ። አንዷ የትርሲትን እናት ቁጣ እያነሣች አለቀሰች፣ አንዷ የራሷን እናት ጠራች። ዘለለው ያ ትልቅ ሰውዬ መደርደሪያው ላይ ግንባሩን ደፍቶ፣ "ማን ይቆጣኝ እንግዲህ" እያለ ተንሰቀሰቀ። ክሩ ይዞራል። አንዲት ልጅ ካሴቱ ያለቀ መስሏት ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ አቻምየለሽ ያዘቻት።

አላለቀም ነበር። ጆሮ ለሰጠ ሰው፣ ከክሩ ሽሽሽ በስተጀርባ አንድ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውጭ፣ በሩቁ፣ አህያ አናፋ። አንድ ሌላ ድምፅ፣ ጸሐፊው መሆን አለበት፣ "ክሩ እኮ ያልቅብሃል" ሲል ተሰማ። "ይለቅ" አለ አስናቀ ቀስ ብሎ። እንደገና ዝም አለ። ተቀምጧል። የእህቱን ልቅሶ እየጠበቃት ነው። ከባሕርና ከተራራ ማዶ ሆኖ፣ ገና ያልተለቀሰው ልቅሶ እሷ ዘንድ ስንት እንደሚፈጅ ገምቶ ቦታ ሰጣት።

የትርሲት ጩኸት ወደ ሲቃ ወረደ፣ ሲቃዋም ወደ ትንፋሽ።

"በቃ" አለ አስናቀ። "በቃ እህቴ። እኔም አልቅሻለሁ። አልተሠቃየችም። ተኝታ ነው።" ቆየ። "ፊትሽን ታጠቢ። ውሃ ጠጪ፣ እጠብቅሻለሁ።"

ውሃ ቀረበላት። ጠጣች። በእርጥብ እጇ ፊቷን ጠረገች።

"ጠጣሁ" አለች።

"ጎሽ" አለ አስናቀ። ሴቶቹ ሁሉ እንደገና ፈነዱ። ያ "ጎሽ" ነው አንጀታቸውን የበላው። "ሆድሽስ? በደህና ነው?"

"በደህና ነው።"

"ስም ካወጣሽለት ንገሪኝ። እማዬ እስከ መጨረሻው እሱን ስትጠይቅ ነበር።"

ትርሲት ስሙን ተናገረች። ቀስ ብላ፣ ጠርታ፣ ያለ ማንም አቋራጭ። እኔ ግን እዚህ አልጠራላችሁም፤ ለወንድሟ የተነገረ ነው።

የኀዘኑን ሰላሳ ቀን ሳትጨርስ ወለደች፣ ወንድ። ጩኸቱ ከአፈኛው የምሳ ጥሪ በላይ ነበር ይባላል። ሲስተር መብሪት እስከ መጨረሻው ድረስ "ዕድላችን ነው፣ እንጂማ ሐኪም ብትጠይቁ አትንገሩ ነው የሚለው" ትል ነበር። ልክ ልትሆን ትችላለች። ይህን እኔ አልፈርድም።

ስለ ሐሰተኛው ካሴት ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ ለባሕር ይሰጥ አለ። ጋሼ ኩራባቸው፣ "ባሕሩ ምን በደለ?" አሉ። አቻምየለሽ መዝገቧን ከፍታ ብዙ አሰበች፤ እንዴት ይሰማል ብላ ትጽፈዋለች? ብትጽፈውስ ከየትኛው እናት አጠገብ ታኖረዋለች? ትርሲት ሰምታ፣ "ክሩ ጠንካራ ነው አይደል?" አለች። ወስዳ መዘዘችው። የዚያን ወር የሣር ነዶ ሁሉ የታሰረው በሱ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቅ ነበር።

አቻምየለሽም ያን የተቆለፈ መደርደሪያ ከፈተችው። ለስንቱ "ቆይቶ የሚሰማ" ብላ አስቀምጣ ነበር፤ አንዱ ውሉን እስኪጨርስ፣ አንዷ ከሕመሟ እስክታገግም፣ አንዱ ደግሞ ለምን እንደቆየ ማን እንደወሰነ ማንም አያስታውስም። ካሴቶቹን ሽርጧ ውስጥ አድርጋ፣ በዚህ ጊዜ በማድረቂያው በኩል ሳትዞር፣ በዋናው መተላለፊያ፣ በቀን፣ ከክፍል ክፍል ሄደች። በር ታንኳኳለች። "ይህ ያንተ ነው። ደግ ወሬ አይደለም። ዛሬ ባትፈልግ ነገ፤ ስትከፍተው ግን ጥራኝ፣ አብሬህ እቀመጣለሁ" ትላለች። አንዳንዱ ተቆጣት። አንድ ሰው በሯን ለሳምንት አልረገጠም። ከዚያ ሁሉም ጠሯት፣ በየተራ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መሽቶባችኋል፣ አልያዛችሁም። የመርከቧን ስም ብትረሱት ግድ የለም፤ እኔም ሌላ ጊዜ በሌላ ስም ልጠራት እችላለሁ። ያን አስናቀን ብቻ አስታውሱልኝ። ጸሐፊው ፊት ተቀምጦ፣ እሱም እናቱን ቀብሮ የመጣ ሰው፣ ለሩቅ እህቱ እንባ ክር እየለቀቀ ዝም ብሎ የጠበቀውን። አደራ፣ እሱን አስታውሱልኝ።